በድምፅ የተመረጡ 26 ታሪኮች

የአጫጭር ልብ ወለድ መድብል የሚያነብ ሰው ታሪኮቹ ሁሉ በደረጃ እኩል ይሆናሉ ብሎ አይጠብቅም። አዘጋጁ በእጁ ካለው መርጧል፣ የወዳጁንም ሥራ አስገብቶ ይሆናል፣ ገጽ መሙላትም ነበረበት ብሎ ያልፋል። ሰሞኑን ለሦስተኛ ጊዜ አንብቤ በጨረስኩት መድብል ላይ ግን ከእነዚህ ማመካኛዎች አንዱም አይሠራም። «ዘ ሳይንስ ፊክሽን ሆል ኦፍ ፌም» የተሰኘው መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጽ በ1970 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሮበርት ሲልቨርበርግ አዘጋጅነት የታተመ ሲሆን፣ በውስጡ ያሉትን 26 ታሪኮች በዋናነት የመረጡት የአሜሪካ የሳይንስ ልብ ወለድ ደራስያን ማኅበር አባላት በድምፃቸው ናቸው። ማኅበሩ በ1965 ተመሥርቶ ኔቡላ የተባለውን ዓመታዊ ሽልማት ሲጀምር፣ ከዚያ በፊት የታተሙት ታሪኮች ከሽልማቱ ውጭ ቀርተው ነበር። ስለዚህ እስከ 1964 መጨረሻ ድረስ ከወጡት ሥራዎች መካከል ለክብር የሚበቁት የትኞቹ እንደሆኑ አባላቱ ተጠየቁ። ርዝመታቸው ከ15,000 ቃላት የማይበልጥ፣ ከአንድ ደራሲም ከአንድ በላይ ታሪክ የማይገባበት ምርጫ ነበር።

እንግዲህ መራጮቹ ሙያቸው ይኸው የሆነ ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ፣ በመድብሉም ውስጥ ታሪክ ያለው ቴዎዶር ስተርጅን፣ ሳይንስ ልብ ወለድን በንቀት ለሚያዩ ሰዎች በሰጠው መልስ ይታወቃል፤ ከዚህ ዘርፍ 90 በመቶው የማይረባ ነው፣ ነገር ግን ከማንኛውም ነገር 90 በመቶው እንዲሁ የማይረባ ነው ይል ነበር። በእርሱ ስሌት ይህ መጽሐፍ ከቀሪው 10 በመቶ፣ የ10 በመቶውም ምርጥ ከሆነው ክፍል የተዘገነ ነው። ሆኖም ስናነበው አንዱ ታሪክ ልብን ይሰብራል፣ ቀጥሎ ያለው ደግሞ የትምህርት ቤት ገለጻ ይመስላል። ይህ ለምን እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ሳስብ ቆይቼ አንድ እምነት ላይ ደርሻለሁ። ደራስያኑ ድምፅ የሰጡት ከፊታቸው ለተቀመጠው ጽሑፍ ሳይሆን፣ ያ ጽሑፍ በወጣትነታቸው ላሳደረባቸው መደነቅ ነው። አንድ ሐሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነገር የሚፈጥረው ድንጋጤ ከባድ ነው፤ ሐሳቡ የሁሉም ሀብት ከሆነ በኋላ ግን ድንጋጤው ይተንና የሚቀረው ዐረፍተ ነገሩና ገፀ ባሕርይው ብቻ ይሆናል።

ከሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘው የአይዛክ አሲሞቭ «ናይትፎል» ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1941 «አስታውንዲንግ» በተባለው መጽሔት ላይ ሲወጣ አሲሞቭ የ21 ዓመት ወጣት ነበር። የመጽሔቱ አዘጋጅ ጆን ካምቤል ከፈላስፋው ኤመርሰን አንድ ጥቅስ አነበበለት። ጥቅሱ ከዋክብት በሺህ ዓመት አንድ ሌሊት ብቻ ቢወጡ ሰዎች እንዴት ባመኑና ባመለኩ የሚል ነው። ካምቤል ግን አያመልኩም፣ ያብዳሉ አለና ይህንኑ ጽፎ እንዲያመጣ ላከው። ታሪኩ የሚፈጸመው ስድስት ፀሐዮች በሚያበሩላት፣ ጨለማ በ2,049 ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ በሚወርድባት ላጋሽ በተባለች ዓለም ነው። ሳይንቲስቶቹ ሥልጣኔያቸው በየዘመኑ ለምን በእሳት እንደሚወድም ደርሰውበታል፤ አሁን የቀራቸው ጥቂት ሰዓት ነው። ይህን ሐሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበ ሰው የሚሰማው ነገር ዛሬም አይካድም፤ እኔም ተሰምቶኛል።

ደግመን ስናነበው ግን ሌላ ነገር እናያለን። ገፀ ባሕርያቱ ሳይንቲስት፣ ጋዜጠኛ፣ የሥነ ልቦና ምሁር የሚል የሙያ ስም እንጂ የራሳቸው ድምፅ የላቸውም፤ ሁሉም እየተራ ለአንባቢው ያስረዳሉ። ምልልሱ ጥያቄና መልስ ነው። መጨረሻው ላይ ከዋክብቱ ሲገለጡ አጻጻፉ በድንገት ከፍ ይልና አንድ አንቀጽ ከምድር የሚታዩትን 3,600 ደካማ ከዋክብት ከላጋሽ 30,000 ኃያላን ፀሐዮች ጋር ያነጻጽራል። በላጋሽ ያለ ማንም ሰው ምድር የምትባል ዓለም መኖሯን አያውቅም፤ ታሪኩ በሙሉ በእነርሱ ዓይን እየተነገረ ቆይቶ በዚህ አንቀጽ ብቻ ሌላ ተራኪ ጣልቃ ይገባል። አንቀጹን ያስገባው ካምቤል ነው፤ አሲሞቭም በዚህ ቅር ይለው ነበር። አንባቢ ያን ስፌት በጣቱ ሊዳስሰው ይችላል። ይህ ሁሉ ታሪኩን የማይረባ አያደርገውም፤ ነገር ግን በ35 ዓመት ውስጥ ከተጻፉት ሁሉ አንደኛ ነው ብሎ የፈረደ ሰው ሐሳቡን አስታውሶ ጽሑፉን እንደረሳ ይሰማኛል።

በድምፅ ሁለተኛ የወጣው የስታንሊ ዋይንባውም «ኤ ማርሺያን ኦዲሲ» በዕድሜ ይበልጠዋል፤ በማርስ ላይ የሚፈጸመው ይህ ታሪክ የታተመው በ1934 ነው። ሆኖም ያላረጀ ነገር አለው። ከዚያ በፊት ከሌላ ዓለም የሚመጣ ፍጡር ወይ ጭራቅ ወይ ልብስ የቀየረ ሰው ነበር። የዋይንባውም ትዊል የተባለው ወፍ መሰል ፍጡር ግን ማሰቡን በግልጽ እያሳየ፣ አስተሳሰቡ ከሰው አስተሳሰብ ጋር ፈጽሞ አይገጥምም። ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላትና ቁጥሮች ይይዛል፤ ባልተጠበቀ መንገድ እያጋጠመም ትልቅ ትርጉም ያወጣባቸዋል፤ ከምድር የሄደው ሰው ግን ከእርሱ ቋንቋ አንድ ቃል እንኳ መያዝ አይችልም። በየአሥር ደቂቃው አንድ ጡብ ከሰውነቱ እያወጣ ዙሪያውን ፒራሚድ የሚገነባ፣ የማያይ፣ የማይሰማ ፍጡርም አለ። ስለ ምድረ በዳ እንስሳት በፍቅር የሚያወራ እረኛ ያህል ደራሲው ፍጡራኑን ይወዳቸዋል። ምድራዊዎቹ መንገደኞች ግን እንደ ቀልድ የሚነገር ዘዬ የተለጠፈባቸው ባዶ አሻንጉሊቶች ናቸው። ዋይንባውም ይህን ባሳተመ በዓመት ከመንፈቅ ገደማ ውስጥ፣ ገና በ33 ዓመቱ፣ በካንሰር ሞተ። ቢኖር ኖሮ ሰዎቹንም እንደ ፍጡራኑ መጻፍ ይማር ነበር ብዬ ሁልጊዜ እቆጫለሁ።

ደካማዎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። የሌስተር ዴል ሬይ «ሄለን ኦሎይ» ሁለት ወንዶች ስለሚያፈቅሯት ሰው ሠራሽ ሴት የተጻፈ ሲሆን፣ የሴቲቱ ፍጽምና ምግብ በማብሰልና ባልን በመጠበቅ የተለካ ነው። በ1938 ርኅራኄ መስሎ የታየው ነገር ዛሬ ያሳፍራል። የሮበርት ሃይንላይን «ዘ ሮድስ መስት ሮል» ስለሚንቀሳቀሱ መንገዶች አሠራር ለእንግዳ ባለሥልጣን በሚሰጥ ማብራሪያ ገጾች ያባክናል፤ ሥራ ያቆሙትን ሠራተኞች ጥያቄም በቅጡ ሳይሰማ ይዘጋዋል። የቫን ቮት «ዘ ዌፐን ሾፕ» ታሪክ ከመሆን ይልቅ መፈክር ነው። የመድብሉ ግማሽ ያህል ከአንድ መጽሔት፣ ከ«አስታውንዲንግ»፣ የመጣ መሆኑን ስናስብ ይህ የማብራራት ልማድ ከየት እንደመጣ እንረዳለን። የካምቤል መጽሔት ችግርና መፍትሔ ይወድ ነበር።

የመድብሉ ትልቁ ክርክር የተነሣው ግን ከዚሁ መጽሔት በወጣ አንድ ታሪክ ላይ ነው፤ የቶም ጎድዊን «ዘ ኮልድ ኢኩዌሽንስ» ማለቴ ነው። አንዲት የ18 ዓመት ልጃገረድ በሌላ ዓለም የሚሠራ ወንድሟን ለማየት ስትል ለስድስት ሕሙማን መድኃኒት በሚያደርስ ትንሽ መንኮራኩር ውስጥ ተደብቃ ትገባለች። ነዳጁ ለአብራሪው ክብደት ብቻ የተመጠነ ነው፤ እርሷ ካለች ሁሉም ይሞታሉ። ጎድዊን እየደጋገመ ልጅቷን የሚያድንበት መላ እያገኘ ሲልክ፣ ካምቤል እስክትሞት ድረስ መልሶ እያጻፈው እንደነበር ይታወቃል። ይህንን ታሪክ መጀመሪያ ያነበብኩ ጊዜ መጽሐፉን አስቀምጬ ወደ ደጅ ወጥቻለሁ። ለወንድሟ የምትናገርበት የመጨረሻ ደቂቃ፣ በመጠኑ የተቆጠበ በመሆኑ፣ ዛሬም ያንኑ ያደርግብኛል።

ነገር ግን በሦስተኛው ንባብ ንዴት ገባኝ። ሰው ሊደበቅበት የሚችል መንኮራኩር በሩ ላይ መግባት ክልክል ነው ከሚል ሰሌዳ በቀር ለምን ቁልፍ አልነበረውም? ከመነሣቱ በፊት ለምን አልተፈተሸም? አንድ ትንሽ ስሕተት እንኳ የሚያስተካክል ትርፍ ነዳጅ የሌለውን መጓጓዣ ማን አጸደቀው? ታሪኩ ጥፋቱን በፊዚክስ ሕግ ላይ ይጥላል፤ እኔ ግን ጥፋቱን ያየሁት በቢሮ ውስጥ በተቀመጠና ወጪ በቀነሰ ሰው ላይ ነው። ተፈጥሮ ርኅራኄ የላትም የሚለው ትምህርት እውነት ነው፤ ሰው የሠራውን ቸልተኝነት ተፈጥሮ ነው ብሎ ማቅረብ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን ያህል የሚያነጋግር ታሪክ በመድብል ውስጥ ቦታ ሊኖረው እንደሚገባ አልጠራጠርም። ጉድለቱም ኃይሉም አንድ ላይ ሊነገሩለት ይገባል።

በመራጮቹ ዝርዝር የመጀመሪያ ደረጃዎች ላይ ያልተቀመጡ፣ ለእኔ ግን መጽሐፉን የተሸከሙት ምሰሶዎች ሌሎች ናቸው። የጁዲት ሜሪል «ዛት ኦንሊ ኤ ማዘር» በ1948፣ ከሂሮሺማ ሦስት ዓመት በኋላ፣ ታተመ። እናት ለዘመቻ ለራቀው ባሏ ስለ ሕፃን ልጃቸው በደብዳቤ ትጽፋለች። ልጅቱ ብሩህ ናት፤ ገና በሕፃንነቷ ትናገራለች። አባትየው ሲመጣና በእጁ ሲያቅፋት ብቻ ነው እናት ያላየችውን፣ ማየትም ያልቻለችውን፣ አካል የምናውቀው። ስለ ጨረር አንድም ገለጻ የለም ማለት ይቻላል፤ የአንድ ወንድ እጅ የሕፃን ልብስ ላይ ሲዳስስ ብቻ እናያለን። የሪቻርድ ማቲሰን «ቦርን ኦፍ ማን ኤንድ ዉማን» ከዚህም ያጥራል፤ ጥቂት ገጾች ናቸው፤ የደራሲው የመጀመሪያ የታተመ ታሪክም ነበር። ወላጆቹ በምድር ቤት በሰንሰለት ያሰሩት ልጅ በተሰባበረ ቋንቋ ይናገራል፤ ምን ዓይነት ፍጡር እንደሆነ የምናውቀው ራሱ ሳያውቀው ከሚያመልጡት ቃላት ነው። ሜሪልንና «ሉዊስ ፓጄት» በሚለው የብዕር ስም ከባሏ ጋር የጻፈችውን ሲ. ኤል. ሙርን ብንቆጥር፣ በመድብሉ ያሉት ሴቶች ሁለት ብቻ ናቸው። በዚያ ዘመን የሚጽፉ ሴቶች ከዚህ ይበዙ ስለነበር ይህ የመራጮቹ እንጂ የዘመኑ ጉድለት ብቻ አይደለም።

የኮርድዌይነር ስሚዝ «ስካነርስ ሊቭ ኢን ቬይን» በታላላቆቹ መጽሔቶች ተቀባይነት አጥቶ በ1950 በአንዲት ትንሽ መጽሔት ላይ የወጣ ነው። በጠፈር ሕመም እንዳይሞቱ ከዓይናቸው በቀር ስሜቶቻቸው ሁሉ ከአንጎላቸው የተቆረጡ ሰዎች አሉ፤ ሰውነታቸውን የሚከታተሉት ደረታቸው ላይ ባለው ሰሌዳ ነው። ከእነርሱ አንዱ ማርቴል ለጥቂት ሰዓት ስሜቱን መልሶ በሚሰጠው መሣሪያ የሚስቱን ድምፅ ይሰማል፣ የሥጋ ጥብስ ሽታ ያስታውሳል። በዚያው ሰዓት የእነዚህ ሰዎች ማኅበር ለአስቸኳይ ስብሰባ ይጠራዋል፤ መሥዋዕትነታቸውን ከንቱ የሚያደርግ ግኝት ያመጣ ሰው እንዲገደል ድምፅ ይሰጣሉ። ደራሲው ስለዚያ ዓለም ምንም አያብራራም፤ እንግዳ ቃላትን አንባቢው ያውቃቸዋል ብሎ ይጥላቸዋል፤ እኛም ማርቴል በሚሰቃይበት መጠን እየተረዳናቸው እንሄዳለን።

ከዚሁ ወገን የጄሮም ቢክስቢን «ኢትስ ኤ ጉድ ላይፍ» እጨምራለሁ። ሰዎችን በሐሳቡ ብቻ ሊያጠፋ የሚችል የሦስት ዓመት ሕፃን ባለበት መንደር ሁሉም ሰው ሁልጊዜ ደስ ብሎታል፤ ሙቀቱም ጥሩ ነው፣ ብርዱም ጥሩ ነው፣ የጎረቤት መጥፋትም ጥሩ ነው። በደርግ ዘመን ስላደጉ ስለ ራሳቸው ቤት ሲያወሩ እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰዎች መካከል ላደግሁ ለእኔ፣ ግድግዳም ጆሮ አለው የሚለው አባባል በዚህ ታሪክ ውስጥ ሥጋ ለብሶ ታይቶኛል። ደራሲው በ1953 የአሜሪካን መንደር እያሰበ ነው የጻፈው፤ አንባቢ ግን የራሱን ቤት ይዞ ይገባል።

የአርተር ክላርክን «ዘ ናይን ቢሊየን ኔምስ ኦፍ ጎድ» ሳነብም እንዲሁ ይሆናል። የቲቤት መነኮሳት የፈጣሪን ስሞች ሁሉ ጽፈው ለመጨረስ ኮምፒውተር ይከራያሉ፤ በእጅ 15,000 ዓመት የሚፈጀውን በ100 ቀን ይጨርሱታል፤ ስሞቹ ሲያልቁም የፍጥረት ዓላማ ያበቃል ብለው ያምናሉ። ሁለቱ አሜሪካውያን ባለሙያዎች በዚህ ይስቃሉ። በብራና ክታብ ላይ የተጻፉ የፈጣሪ ኅቡዕ ስሞች ኃይል አላቸው በሚባልበት አገር ያደገ አንባቢ ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ መሳቅ አይችልም። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር፣ ከዋክብት ያለ አንዳች ግርግር ሲጠፉ የሚያሳየው፣ ከ«ናይትፎል» 30,000 ፀሐዮች ይልቅ ያስፈራኛል።

በድምፅ ሦስተኛ የወጣውን የዳንኤል ኪስን «ፍላወርስ ፎር አልጀርነን» በተመለከተ ከመራጮቹ ጋር አልጣላም፤ አንደኛ ሊሆን ይገባው ነበር እላለሁ እንጂ። የአእምሮ ዝግመት ያለበት ቻርሊ በቀዶ ሕክምና ሊቅ ይሆናል፤ ከእርሱ በፊት የተሞከረባት አልጀርነን የተባለች አይጥ ስታሽቆለቁል ሲያይ የራሱን ዕጣ ቀድሞ ያውቃል። አንድ የመጽሔት አዘጋጅ መጨረሻው ተቀይሮ ቻርሊ ሊቅ እንደሆነ እንዲቀርና እንዲያገባ ጠይቆ ነበር፤ ኪስ እምቢ ብሎ በ1959 በሌላ መጽሔት አሳተመው። ታሪኩ ሙሉ በሙሉ በቻርሊ ማስታወሻ የተጻፈ ስለሆነ፣ የፊደል ስሕተቱ ሲቀንስ አእምሮው ሲበራ፣ ስሕተቱ ሲመለስ ሲጨልም እናያለን። የሳይንሱ ሐሳብ በአንድ መስመር ያልቃል፤ የተቀረው የሰው ልብ ነው።

ይህን ታሪክ ወደ አማርኛ ስለ መመለስ ብዙ ጊዜ አስቤ አንድ እንቅፋት ላይ ቆሜያለሁ። የእንግሊዝኛ ፊደልና ድምፅ ስለማይገጥሙ ቻርሊ እንደሰማው ሲጽፍ በየቃሉ ይሳሳታል፤ በእኛ ፊደል ግን እንደሰማው የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በትክክል ይጽፋል። ሀን ከሐና ከኀ፣ ሰን ከሠ ማምታታት ደግሞ ዛሬ የተማረውም የሚያደርገው ስለሆነ የቻርሊን ሁኔታ አያሳይም። ተርጓሚው ምናልባት ሳድሱን በግዕዝ እየተካ፣ ቃላትን ያለ ቦታቸው እየከፈለና እያጣበቀ፣ አራት ነጥብን እየረሳ መጀመር ይኖርበታል፤ ሊቅነቱ ሲመጣም ሦስቱንም ሀ በየሥራቸው ማዋል የሚችል፣ ግዕዝ የዘለቀ ቻርሊ ሊታየን ይገባል። ሲያሽቆለቁል መጀመሪያ የሚጠፋበት ያ ጥንቃቄ ይሆናል።

መድብሉ የተደረደረው በጊዜ ቅደም ተከተል ነውና በማርስ ጀምሮ በማርስ ያበቃል። የመጨረሻው የሮጀር ዘላዝኒ «ኤ ሮዝ ፎር ኢክሊሲያስቲስ» በ1963 ሲወጣ፣ አየሯ የሚተነፈስና ጥንታዊ ሕዝብ የሚኖርባት ማርስ በሳይንሱ ዓለም ዘመኗ እያለፈ ነበር፤ በሐምሌ 1965 ማሪነር 4 የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር በአጠገቧ አልፋ ፎቶግራፍ ስትልክ የታየው ጉድጓዳማና ባዶ ምድር ነው። የታሪኩ ባለቤት ጋሊንገር ባለቅኔና ቋንቋ አዋቂ ነው፤ ትዕቢቱ አንዳንድ ገጽ ላይ ያሰለቻል፤ የምታፈቅረው የምትመስለው ዳንሰኛም ከውበቷ በላይ ብዙ አልተሰጣትም። ነገር ግን ይህ ሰው መጽሐፈ መክብብን ወደ ማርስ ሰዎች ቋንቋ ተርጉሟል። ሕዝቡ መካን ሆኗል፤ ነቢያቸውም ሁሉ ከንቱ መሆኑን ስለነገራቸው መጥፋታቸውን በጸጥታ ተቀብለዋል። ጋሊንገር በቤተ መቅደሳቸው ቆሞ ትርጉሙን ያነብላቸዋል፤ የእኔ ሕዝብም ይህንኑ ቃል ጽፏል፣ ጽፎም መኖሩን አላቆመም ሊላቸው ነው።

ድምፁ ሲሰጥ ይህ ታሪክ ገና ጥቂት ዓመታት ያስቆጠረ ስለነበር፣ ከመራጮቹ በልጅነቱ አንብቦት በትዝታ የመረጠው ሊኖር አይችልም። እኔ ያን ክፍል ያነበብኩት የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ከጎኔ ከፍቼ ነው፤ «ከንቱ፣ ከንቱ፣ የከንቱ ከንቱ» የሚለውን ጮክ ብዬ አነበብኩትና የማርስ ሽማግሌዎች በምን ዓይነት ዜማ ሰምተውት ይሆን እያልኩ ቆየሁ።